«አጥፍቻለሁ» ብሎ መግባት

ተማሪዎቹ አዛውንቱን መምህራቸውን «ቀስ በሉ» ይሏቸዋል። በክፉ አይደለም፤ ሒሳብ ሲያስተምሩ ከአፋቸው የማይጠፋ ቃል ስለሆነ ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት ጠመኔ ሲያቦኑ ነው። እግዜር ይመስገንና በሰው ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም።

በትምህርት ቤታቸው የቆየ ደንብ አለ። ያረፈደም የረበሸም በሩ ላይ «አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ» ካለ ይገባል። ምክንያት ላስረዳ ያለ ግን ፀሐይ ላይ ይቆማል። ልጆቹ ታዲያ ቃሉን እንደ ሰላምታ ለምደውታል፤ ጥፋት ኖረም አልኖረም ብለውት ይገባሉ።

የርዕሰ መምህሩ ላፕቶፕ የጠፋ ዕለት፣ ከቢሮው ስትወጣ የታየች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደች። ቀስ በሉ የክፍሏ ኃላፊ ናቸውና አብረው ሄዱ። በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነው ርዕሰ መምህርም ተከተለ።

የምርመራ ክፍሏ ጠባብ ናት። የጠረጴዛው አንድ እግር በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል። ልጅቷ የዩኒፎርሟን እጅጌ ታኝካለች።

«እናቷ ከልብስ ማጠቢያ ቤት እየመጣች ነው» አሉ ቀስ በሉ።

«እስከዚያው እንጀምር» አለች መርማሪዋ።

ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ። «እንደ ትምህርት ቤቱ በር ነው እኮ። አንዴ በይውና እንገላገል።»

ልጅቷ ወደ አስተማሪዋ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «ቲቸር፣ ልበለውና ልሂድ። ነገ ፈተና አለብኝ።»

ቀስ በሉ ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። «ወስደሻል እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም! ጠመኔ አምጪ ብለው እርስዎ ላኩኝ አይደል?»

«ታዲያ ለምን ትያለሽ?»

«ለመግባት ነዋ።»

«ልጄ፣ እዚህ እንደዚያ ካልሽ የምትገቢበት በር ሌላ ነው። እሱን ደግሞ እኔ አልከፍትልሽም።»

ቀና አሉ። «ወደ ቢሮው የላክኋት እኔ ነኝ። እናቷ ሳትመጣ ግን አትጠየቅም፤ ሕጉ አይፈቅድም።»

«መምህር፣ ጠበቃዋ ነዎት?» አለች መርማሪዋ።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ውጭ ይጠብቁን።»

«አልወጣም።»

«ነገ ቢሮዬ ሲጠሩ የሚሉትን ያስቡበት» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«አስቤበታለሁ።»

ቀስ በሉ ጠረጴዛውን ሲደገፉ ካርቶኑ ሸሸና ጠረጴዛው ዘመመ፤ እስክሪብቶው ተንከባለለ። ማንም አልሳቀም። መርማሪዋ ሳይወድቅ ያዘችውና ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተውላ አየቻት። እጅጌው ተበልቶ ክሩ ተንጠልጥሏል።

«ሕጉንማ እኔም አውቀዋለሁ» አለች ዝግ ብላ። «ችኮላ ነው።» እስክሪብቶውን ከደነችው።

ጠበቁ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር አራቱም በሩን ያያሉ። ኋላ እናትየው ክርኗ ድረስ እንደራሰች ገባች፤ ሳትቀመጥ የልጇን እጅ ያዘች።

«አሁን ንገሪኝ» አለች መርማሪዋ። «ላፕቶፑን ወስደሻል?»

ልጅቷ ወደ ቀስ በሉ ዞረች። እሳቸው አቀርቅረው በልባቸው ይጸልያሉ።

«አልወሰድኩም። ጠመኔ ብቻ ነው የወሰድኩት።»

መርማሪዋ ቃሏን እንዳለ ጻፈችና ከእናቷ ጋር ወደ ቤቷ ሸኘቻት።

በማግስቱ ልጅቷ አረፈደች። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ነበር።

«በይ እንግዲህ።»

«አርፍጃለሁ። ምክንያቴን ልናገር?»

ወደ ፀሐዩ በጣቱ አመለከተ፤ ሄዳ ቆመች። ቀስ በሉ ይህን አዩና ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተው አጠገቧ ቆሙ። የክፍሉ ተማሪዎች በመስኮት ተንጠራሩ።

«ተናገሪ ልጄ» አሉ፣ ርዕሰ መምህሩ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ቀስ ብለሽ።»