ሩዝ፣ ሻይና ልቤ

ከአዳማ የወጣሁት ሲመሽ ነው። ልጄን ቤዛን እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አልቀሰቀስኳትም፤ ብትነቃ ኖሮ አልሄድም ነበር። አባቷ ሞቷል፤ ልብስ የምሰፋበት ፋብሪካም ተዘግቷል። እናቴ በር ላይ ቆማ "በሃይማኖትሽ ጽኚ" አለችኝ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ለቤት ሠራተኝነት የሚልከኝ ደላላ ማተቤን አስፈታኝ። "ጅዳ አንገትሽ ላይ ካዩብሽ ጣጣ ነው" አለኝ። ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያን ጊዜ ለራሴ፣ ሃይማኖቴን በአንገቴ ካልያዝኩ በአፌ፣ በምበላው እይዛለሁ አልኩ።

እናንተ የአዳማን ሙቀት የምታማርሩ፣ ጅዳን ብታዩ አዳማን ይቅርታ ትጠይቋት ነበር። እዚህ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። የተቀጠርኩበት ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ከብሳ የሚሉት ሩዝ በሥጋ ሳይሠራ አይዋልም። ክርስቲያን ያላረደውን እንደማንበላ ታውቃላችሁ። ለብቻዬ ነጭ ሩዝ እቀቅላለሁ። እንቁላል በጾም አይበላም፤ ከጾም ውጭ ደግሞ ፍሪጁ የኔ አይደለም። ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ሻይ። እንዲህ እያልኩ ዓመት አለፈ፤ ሌላም ተደገመ።

ከዚያ እግሬ ያብጥ ጀመር። ለጥ ብዬ መተኛት አቃተኝ፤ ትራስ ደርቤ ቁጭ እንዳልኩ አነጋለሁ። ቆሜ መጸለይ ሲያቅተኝ ተቀምጬ ጸለይኩ። አንድ ቀን መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ወደቅኩ።

የቤቱ እመቤት፣ ማዳም የምንላት፣ ከላይ ቆማ አየችኝ።

"ሥጋ ስሰጥሽ አልበላም። ሥራ ስሰጥሽ ደከመኝ። ምን ልስጥሽ?"

"እረፍት፣ ማዳም።"

"እሱ ማፊ! የለም!"

ይሁንና ያን ዕለት ሐኪም ቤት የወሰደችኝ እሷው ናት። እግዚአብሔር ይስጣት።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው። ልቤን በመሣሪያ ካየ፣ ደሜንም ካስመረመረ በኋላ "እህቴ፣ ምን ትበያለሽ?" አለኝ። ነገርኩት። ቀስ እያለ አስረዳኝ።

"ሴሌኒየም የሚባል ማዕድን አለ። ከአፈር ወደ እህል ይገባል፤ በዓሣና በእንቁላልም ይገኛል። ሰውነት የሚፈልገው ከቅንጣት ያነሰ ነው። ልብን ከጉዳት የሚጠብቁ ፕሮቲኖች ግን ያለ እሱ አይሠሩም። እነሱ ሲጠፉ፣ ልብ እንዲመታ የሚያደርጉት የጡንቻው ፕሮቲኖች ራሳቸው ይጎዳሉ፤ ዝገት እንደበላው ብረት። ልብሽ ሰፍቷል፤ ላልቷል።"

"ይድናል?"

"ኢንሻአላህ። አንዳንዱ ይመለሳል፤ አንዳንዱ እንደተጎዳ ይቀራል። ብቻ መድኃኒቱን ዋጪ፤ ዓሣና እንቁላልም ብዪ።"

ወቅቱ ጾም ስለነበረ አዳማ ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ። "ልጄ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት ነው። አመስግነሽ ብዪ" አሉኝ። ማዳምም በየጠዋቱ እንቁላል ታስቀምጥልኛለች፤ እያጉረመረመች። ባሏ ግን "ካልበረታች ትመለስ" ብሏል። ብመለስ ማን መድኃኒት ይገዛልኛል? ብቀር ልቤ ይጠብቀኛል ወይ? አላውቅም። ፈጣሪዬን፣ ልጄን ሳላይ አትውሰደኝ እለዋለሁ። ሌላ ጸሎት ጠፍቶብኛል።

ትናንት ቤት ደወልኩ። ለእናቴ ሕመሜን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ልጅሽ የተባረከች ናት። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እየጾመችልሽ ነው። እማ እስክትመጣ እንቁላልም ወተትም ሥጋም አልቀምስም ብላ ተስላለች። ስትመጪ ላስደስትሽ ብዬ ነው እስካሁን ያልነገርኩሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ ይላል!"

"ምንድን ነው የምትበላው?"

"ዳቦ በሻይ ነዋ። ምን ጎደለባት?"

"እማዬ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ዛሬውኑ እንቁላል ስጫት። ከዝዋይ የሚመጣውን ዓሣ ግዢላት።"

"ስለቷን ላፈርስባት? ኃጢአቱንስ ማን ይሸከማል?"

"እኔ። ስልኩን ስጫት።"

ቤዛ መጣች። ድምፅዋ ቀጥኗል፤ ወይም ለኔ መሰለኝ።

"እማ፣ አሁን ከበላሁ እግዚአብሔር ቶሎ አያመጣሽም።"

"ያመጣኛል፣ የኔ እናት። አባ ጋ ሄደሽ ይፍቱሽ። እኔም በልቻለሁ።"

"አንቺም?" አለችኝ። እንዳዘነችብኝ ገባኝ።

"ቤዚ፣ ስትሮጪ ይደክምሻል?"

"እማ ደግሞ! ሲሮጥ የማይደክመው አለ እንዴ?" ብላ ሳቀች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ትንፋሿን አዳመጥኩ።