የመስከረም ፎቶ

ሕሩይ ጎረቤቴ ነው። የእሱ ፎቶ ቤትና የኔ ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ሰው ግን ካሜራውን ሲያይ በሩን ይዘጋበታል፣ እኔም አልፈርድም።

ነገሩ የጀመረው በሰፈራችን ሰው በሣህሌ ለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ውስጥ የሚቀመጠውን ፎቶ የሚያሳድገው ሕሩይ ነው፤ ከመታወቂያ ላይ፣ ከሰርግ ፎቶ ጥግ ፊት ቆርጦ፣ ሙሉ ልብስና ከረባት አልብሶ። የሣህሌን ግን ቢያሳድገው ቢያሳድገው ፊቱ ሊጥ ሆነ። ሚስቱ አይታ «ይሄ የኔ ባል አይደለም!» ብላ ጮኸች። ሕሩይ ያን ቀን አፈረ። ከዚያ ወዲህ መስከረም በጠባ ቁጥር ሰፈሩን እየዞረ ሁላችንንም በየደጃፋችን ያነሳናል።

መጀመሪያ ላይማ፣ ኧረ ተዉኝ! ቀትር ላይ እያነሳ ዓይናችንን ጉድጓድ አስመሰለው። «አንተ ሰውዬ፣ በቁማችን ገደልከን እኮ!» ብዬ ስቄበታለሁ። አልተቀየመም። በየዓመቱ አዲሱን ካለፈው ጎን አድርጎ ያያል፣ ስህተቱን ያርማል። በጠዋት፣ ጥላ ውስጥ፣ ያው ደጃፍ፣ ያው ርቀት፣ ሳቅ የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ እጁ በሰለ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ሕሩይ ሁለቴ ያነሳው ሰው ዓመቱን አይጨርስም ተባለ። አምለሰትን «እስቲ አንዴ ልድገመው» አላት፤ ጥምቀት ሳይደርስ ቀበርናት። ዱሬሳንም እንዲሁ። አላህ ይጠብቀን!

ዘንድሮ እኛ ደጅ መጣ። እኔና ባሌ ሁሴን እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ቆምን። አነሳን። ካሜራው ላይ አየት አደረገና ቀና አለ።

«እስቲ አንዴ ልድገመው።»

ደሜ ፈላ። ሁሴን የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ከክረምት ጀምሮ ሳል አልለቀው ብሏል። በነጠላ ጫማዬ ሕሩይን ተከትዬ ፎቶ ቤቱ ገባሁ።

«ካሜራህ ሰው ይበላል! ባሌ ላይ ምን አየህ? ንገረኝ!»

«ካሜራው ምን ያደርጋል ብለሽ ነው፣ ረሂማ» አለ። «ያንኑ ፊት በየዓመቱ ስታዪ ዓይንሽ ይለምዳል። ከሰው ፊት ላይ የጎደለው ይታየኛል። ለአምለሰት አልነገርኳትም፣ ፈራሁ። ይኸው እንቅልፍ የለኝም።»

የዓመታቱን ፎቶዎቻችንን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የሁሴንን ፊት ከአንዱ ወደ አንዱ ተከተልኩ። ያው ጉንጭ፣ ያው ዓይን።

«ምኑ ጋ ነው? አልታየኝም!»

«ሁሴንማ ደህና ነው» አለ። ጣቱን ከሁሴን አሳልፎ ከጎኑ የቆመችው ሴት ላይ አደረገ። «አንቺን ነው። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ በእናትሽ።»

አየሁት። ከዓመት ዓመት አንገቴ ቀጥኗል፣ ጉንጬ ወደ ውስጥ ገብቷል። በየቀኑ መስታወት ፊት ሻሽ የማስረው እኔ፣ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

ቀጠሮዬ ሰኞ ነው። ለሁሴን ገና አልነገርኩትም። ሱቄን ከፍቼ ስኳር እመዝናለሁ፤ ደንበኛ ፊቴን ትኩር ብሎ ሲያየኝ ግን ሻሼን ወደ ጉንጬ እስባለሁ። ፈርቻለሁ፣ ወላሂ ፈርቻለሁ።