አሥራ ሁለተኛው ዕንቁላል

ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ወጥ ቤት የገባሁት ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ተዛውሬ ነው። እዚያ ሁለተኛ ወጥ ቤት ነበርሁ፤ ከበላዬ ዋናው፣ ከበታቼ ሦስት ረዳቶች። የመጀመሪያ ቀን ነጭ ቆቤን ደፍቼ፣ ቢላዎቼን በጨርቅ ጠቅልዬ ብደርስ፣ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በሩ ላይ ቆማ ከእግር እስከ ራስ አየችኝና «ሚስትህ የለችም?» አለችኝ።

«ምን ልታደርጊያት ነው?»

«ታዲያ ወጥ የሚሠራልን ማን ነው?»

ትርንጎ ትባላለች። አባቷ የፋብሪካ ሸማኔ ነበር፤ መዋዕለ ሕፃናቱም የፋብሪካው ሠራተኞች ልጆች የሚውሉበት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ደረጃዬን የምትወስነው እሷ ሆነች።

በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊያችን ወይዘሮ ዘነበች አስጠሩኝ። «አቶ አስረስ፣ ልጆቹ መብላት ብቻ ሳይሆን መሥራትም ይማሩ ተብሏል። በሳምንት አንድ ሰዓት ያስተምሯቸዋል» አሉኝ።

«እኔ እኮ አስተማሪ አይደለሁም» አልሁ።

«እነሱም ገና ተማሪ አይደሉም» አሉ። በዚሁ ተስማማን።

ሐሙስ ሐሙስ እሳት የማይነካውን ሥራ እንሠራለን፤ ሙዝ በሹካ መፍጨት፣ ሎሚ መጭመቅ፣ ዳቦ ላይ ማር መቀባት። ፈንዲሻ ግን የማፈነዳው እኔው ነኝ። «በቆሎው ውስጥ ትንሽ ውሃ አለ። ሲሞቅ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል» ብዬ ባስረዳ፣ ትርንጎ «አባዬም ከስብሰባ ሲመለስ እንደዚያ ነው» አለች። ወይዘሮ ዘነበች ተነሥተው በሩን ዘጉት።

ኦቾሎኒ አፈር ውስጥ ነው የሚያፈራው ስላቸው ደግሞ ማንም አላመነኝም። ዛሬ አድገውም ውሸታም የሚሉኝ አሉ።

አንድ ሕግ ግን አጥብቀው ያዙልኝ። ሆቴል የተማርሁት ነው፤ ጨዉ ሳይታወስ ምንም ነገር ለእንግዳ አይቀርብም። «ምን ረሳን?» ስል «ጨው!» ይላሉ፣ መስኮቱ እስኪነቃነቅ። ሙዙ ላይ ሊነሰንሱ ሲሉ ስንቴ እጃቸውን ይዣለሁ።

ሌላው የሚወዱት የዕንቁላል ፈተና ነበር። የዕንቁላል ቅርፊት ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ሲቆይ በእነሱ በኩል ውስጡ ያለው እርጥበት ይወጣና አየር ይገባል። ስለዚህ ትኩሱ ዕንቁላል ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ያረጀው ይንሳፈፋል።

ዕንቁላሉን የሚያቀርብልን የዕቃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ውበቴ ነው። ከእሱ ጋር እሳትና ጭድ ነበርን። ዘይት በማንኪያ ሰፍሮ ይሰጠኝና ማንኪያው ላይ የቀረችውን ጠብታ በጣቱ ጠርጎ ወደ ጠርሙሱ ይመልሳታል። «እሷን እንኳ ተዋት እንጂ!» ስለው «የሕዝብ ዘይት ነው» ይላል። አንጀቴ እርር ይል ነበር።

አንድ ሐሙስ ከከተማው ኮሚቴ አንድ ጓድ ትምህርታችንን ሊያዩ መጡ። ከወደዱት ይቀጥላል፣ ካልወደዱት ይቀራል። ወይዘሮ ዘነበች «እባክዎ የሚፈነዳ ነገር አይሁን» ስላሉኝ የዕንቁላሉን ፈተና መረጥሁ። ትልቅ የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁና ልጆቹን እዚያው ትቼ እንግዳውን ልቀበል ወጣሁ።

ጓዱ ከልጆቹ መካከል ተቀመጡ። አቶ ውበቴ አሥራ ሁለት ዕንቁላል በቅርጫት ይዞ ገባና «ከጢስ ዓባይ ገበሬ ትናንት የተገዛ፣ ትኩስ ነው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ለየልጁ አንዳንድ አደልን።

የመጀመሪያዋ ልጅ ከተተች። ተንሳፈፈ። ሁለተኛውም ተንሳፈፈ። አሥራ አንዱ በየተራ እንደ ታንኳ ቁጭ ቁጭ አሉ። «አርጅቷል! አርጅቷል!» እያሉ ልጆቹ ጮኹ። ያስተማርኋቸው እኔ ነኛ!

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እሰይ፣ ማንኪያ ጠራጊው፣ ተገኘህ! አልሁ በሆዴ።

ጓዱ ብድግ አሉ። «ለሕፃናት የተበላሸ ዕንቁላል? ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው! ይህ ሰው ይጠየቃል!»

ያኔ አቶ ውበቴን አየሁት። ባዶውን ቅርጫት ገልብጦ ያየዋል። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል፤ እሱ ደግሞ የአራት ልጆች አባት ነው። በደስታዬ አፈርሁ። ግን ምን ልበል? ዕንቁላሉ ተንሳፍፏል።

ጓዱ ግራ እጃቸውን ጨብጠው አነሡና «አሻጥረኞች ይውደሙ!» አሉ። ልጆቹ መፈክር ያውቃሉ። «ይውደሙ!» ብለው ሁሉም ግራ እጃቸውን ጭብጥ፣ ወደ ላይ። አሥራ ሁለተኛው ዕንቁላል ተራውን በሚጠብቅ ልጅ ግራ እጅ ውስጥ ነበር።

ጧ! ዕንቁላሉ በልጁ ግንባር ወርዶ የጓዱ እጅጌ ላይ አረፈ። ሁላችንም አፍንጫችንን ያዝን። ጠበቅን። ቀስ እያልን ለቀቅን። ምንም አይሸትም።

ጓዱ እጅጌያቸውን ጠጋ አድርገው አሸተቱት። «ይህኛውስ ደኅና ነው» አሉ ግራ ገብቷቸው።

ወደ ሳህኑ ዞርሁ። ውሃው ደብዘዝ ብሏል። ጣቴን ነክሬ ላስሁት። ወይ ጉድ! ምላሴ ተኮማተረ።

«ልጆች፣ እዚህ ውስጥ ጨው የጨመረ ማን ነው?»

ትርንጎ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ረስተኸው ነበር እኮ» አለች። «እንግዳ ስለመጣ ጣሳውን በሙሉ ጨመርሁልህ። በደንብም አማስዬዋለሁ።»

ጨው ውሃን ያከብደዋል፤ የከበደ ውሃ ትኩስ ዕንቁላልንም ይሸከማል። ይህን ለጓዱ አስረድቼ ሌላ ውሃ አስመጣሁና አሥራ አንዱን በየተራ ከተትሁ። ሁሉም ሰመጡ። አቶ ውበቴ የልጆቹ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካ ቁጭ አለና ቅርጫቱን ታቅፎ አለቀሰ።

ጓዱ እጅጌያቸውን እየጠረጉ «ትምህርቱ ይቀጥል» አሉ። «መፈክር ሲኖር ግን ዕንቁላል አይኑር።»

በማግስቱ ዘይት ልወስድ ዕቃ ቤት ሄድሁ። አቶ ውበቴ ሰፈረልኝ። ማንኪያውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ሳይጠርግ አስቀመጠው።

እዚያ ወጥ ቤት እስከ ጡረታዬ ሠራሁ። ዕንቁላል ለምትፈትኑ ወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ውሃውን ቅመሱ።