ከላሊበላ አክሱም በእግር፣ በአርባ ደቂቃ

ከላሊበላ አክሱም በአውሮፕላን አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። በመኪና ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ያውም መንገድ ከቀናህ። በእግር ስንት እንደሚፈጅ ግን በሰፈራችን የሚያውቅ አልነበረም። እናቴም ሳታውቅ ነው የተሳለችው።

ሦስት ዓመት ሞልቶኝም አልሄድኩም ነበር አሉ። ሐኪሙም ወጌሻውም ተስፋ ሲቆርጡ እናቴ «ይሄ ልጅ ቆሞ ይሂድልኝ እንጂ ከላሊበላ አክሱም ጽዮን በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። ሄድኩ። እሷ ግን ዛሬ ነገ ስትል ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወጥተን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስንገባማ ጉልበቷ ጭራሽ ከዳት። እኔ ደረጃው ላይ ባዳለጠኝ ቁጥር «አየህ፣ ጽዮን የሰጠችህን ልትወስድ ነው» ትላለች። እግሬን በውሰት ያመጣሁት ይመስል። ስቄባት አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ እሷ ግን የምሯን ትፈራ ነበር።

በመጨረሻ ልደታ ማርያም ግቢ ውስጥ የንስሐ አባቷን አስቁማ «በአውሮፕላን ቢሆንስ አባቴ?» አለቻቸው። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና «በእግሬ ነው ያልሽው። እግርሽ ምን ላይ እንደሚሄድ አልተናገርሽም» አሉ። እኚህ ሰው ቅስናውን ትተው እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤት ጥብቅና ቢቆሙ የሚረታቸው አይገኝም ነበር።

እናም ከላሊበላ ተነስተን አውሮፕላኑ ቀና እንዳለ እናቴ ቀበቶዋን ፈትታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ተነሳች። በወንበሮቹ መሀል ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት መመላለስ ጀመረች። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ አምስተኛው ዙር ላይ አንዱ ካሜራ አወጣ። እኔ ሆዬ የማላውቃት መስዬ በመስኮት ተራራ እቆጥራለሁ። ዙሩ ሲበዛ ግን ወንበር እየተደገፈች መጣች፣ ፊቷም አመድ መሰለ። አስተናጋጇ ክንዷን ይዛ «እማማ፣ ያምዎታል፣ በቃ ይቀመጡ» ብላ አጠገቤ አስቀመጠቻት።

«ስንት ቀረን?» አለችኝ።

«ሃያ ደቂቃ።»

«አልሞላልኝም» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያ ሁሉ ቀልዴ የት እንደገባ እንጃ። አንጀቴን በላችው። እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና ዞራ ገላመጠችኝ።

«ታዲያ ምን ትጎለታለህ? እግሩ ያንተ አይደል? ተነስ።»

ተነሳሁ። ቤተ ክርስቲያን የምረግጠው ሰርግ ሲኖር ብቻ የሆንኩ ሰውዬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ አውራ ጣቱ ላይ በተቀደደ ካልሲ በፈረንጅ መሀል እመላለስ ጀመር። መጨረሻው ወንበር ደርሼ ስዞር እናቴን አየኋት። ፊቴን አልነበረም የምታየው፣ እግሬን ነው። ሁለት እጆቿን ወደ መተላለፊያው ዘርግታለች፣ ብወድቅ ልትይዘኝ።