ምስለኔው ያደነቃት ሽጉጥ

ያን ሰው ይቅር አላልኩትም። ይኸው አርጅቻለሁ፤ እሱም ከሞተ ቆየ ይላሉ። ይሙት! ሞቶም አልማርኩትም። ልጆቼ «እማ፣ ለአንዲት ሽጉጥ ይህን ሁሉ ዘመን?» እያሉ ይስቁብኛል። የሽጉጥ ነገር ብቻ መስሏቸው ነው።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ከባሌ ተፋትቼ ቡታጅራ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር፤ አባቴም ሥራ ፈትቼ እንዳልቀመጥ ብሎ የመንገድ ዳሯን ክፍል ለቀቀልኝና ሻይ ቤት ከፈትኩ። የአዲስ አበባ መኪኖች ከሚቆሙበት ብዙም አትርቅም። ከኋላ ሰሌን የተነጠፈባት ሌላ ክፍል ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙሁር ሰላት በኋላ ወንዶቹ እዚያ ተሰብስበው ጫት ይቅማሉ። ሌላ ቤት የሚቅመው ሰው ስለ ዝናብና ስለ በርበሬ ያወራል፤ የእኔዎቹ ግን ሌላ ወሬ አያውቁም፣ ሽጉጥ ብቻ!

ወይ መውደድ! እህል ነጋዴው የአሜሪካ ስድስት ጎራሽ ነበረችው፤ ከባድ ከመሆኗ የተነሳ ሱሪውን በአንድ በኩል እየጎተተች እንዲያነክስ ታደርገዋለች። እሱ ደግሞ «ክብደቷ ነው እጅ የሚያረጋጋው» ይላል። የጭነት መኪና ሾፌሩ የቤልጅግ የኪስ ሽጉጥ አለችው፣ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋ። «መንገድ ላይ ሽፍታ ቢያስቆመኝ አንተ ያንተን ከወገብህ እስክትጎትት እኔ የኔን ተኩሼ ቡኢ እደርሳለሁ» እያለ ነጋዴውን ያናድደዋል። ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል። የማን ምላጭ ይለሰልሳል? የማን ጥይት በቀላሉ ይገኛል? ማህደሩ ከወገብ ይሻላል ከብብት? አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስለ ዘይት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፣ ወላሂ፣ ስለ ሽጉጥ መወልወያ ዘይት።

እኔም ሕግ ነበረኝ። ማንም ሽጉጡን ለሰው ከማሳየቱ በፊት ጥይቱን አራግፎ የስኳር ሳህኔ ውስጥ ይጥላል። ነጋዴው አንድ ቀን ባርቆበት የጣራ ቆርቆሮዬን ስለበሳው ነው። ክረምቱን ሙሉ ሰሌኑ ላይ ባልዲ ደቅነን ከረምን።

እነሱም የራሳቸው ወግ ነበራቸው። ሽጉጡ በእጀታው በኩል ይሰጣል፤ የተቀበለው ሰው በመዳፉ ይመዝናል፣ ወደ ግድግዳው ያነጣጥራል፣ ከዚያ ያደንቃል። ሲያደንቅ ባለቤቱ «ይውሰዷት፣ የእርስዎ ናት» ይላል። ያደነቀውም «ከእጅህ አትውጣ» ብሎ በሁለት እጁ ይመልሳል። ይኸው ነው። ልጅ እንኳ የሚያውቀው ጨዋነት ነው፤ ቤት የመጣ እንግዳ ጋቢህን ቢያደንቅ እንደምትለው ማለት ነው።

የአባቴ ሽጉጥ የጣሊያን ነበረች፤ አጭር፣ ጠፍጣፋ፣ ወገብ ላይ መኖሯ የማይታወቅ። መርካቶ ሲነግድ በኖረበት ዘመን ከነፈቃዷ ያገኛት ናት። እጀታዋን በቀንድ አስለብጧታል፤ ማንጠልጠያዋን ደግሞ እኔ ነኝ በሐር ክር የጎነጎንኩላት። አባቴ ትንሽ ሰው ነው፤ ቁመቱም ድምፁም ትንሽ፣ ይሉኝታው ግን ቤት የማይበቃው። እዚያ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የማን ሽጉጥ ምን እንደጎደላት ሲናገር ሁሉም ያዳምጠዋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ የምሰማው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምስለኔው ገባ። በወረዳችን ላይ አዲስ ተሹሞ የመጣ ነው፤ ሽጉጥ ይወዳል ሲባል ሰምተው ወንዶቹ ራሳቸው ጋበዙት፣ ሞኞች! የጀርመን ረጅም ሽጉጥ ይዞ መጣ፤ ማህደሯ እንጨት ነው፣ ከእጀታዋ ሲገጠም ሰደፍ ሆኖ ጠመንጃ ያደርጋታል። እየገጠመ እየነቀለ ሲያሳያቸው ወንዶቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እሱም አፋቸውን መክፈታቸውን ወደደ። ከዚያ እጁን ዘረጋና የአባቴን ተቀበለ።

ሻይ እያደረስኩ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። መዘናት። አነጣጠረ። ቀንዱን በአውራ ጣቱ ደባበሰ። «እንዴት ታምራለች!» አለ።

«ይውሰዷት ጌታዬ፣ የእርስዎ ናት» አለ አባቴ፣ ፈገግ ብሎ።

ሰውየው «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ሽጉጧን ከነማንጠልጠያዋ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከስኳር ሳህኔ ውስጥ የአባቴን ጥይቶች ለቀመ።

 ነጋዴው ሰሌኑን ያያል፣ ሾፌሩ ጫቱን ያያል። አባቴ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። አንዳንዶች በኋላ «አላወቀም ይሆናል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያውቃል እንጂ! ያን ዕለት የራሱን የጀርመን ሽጉጥ ሦስት ሰው አድንቆለት ለሦስቱም «ውሰዳት» ብሎ ሦስቱም መልሰውለታል። እያወቀ ነው የወሰደብን።

ማታ አባቴን «አባ፣ ሄደህ ጠይቀው» አልኩት።

«በሰው ፊት ሰጥቼ እንዴት ብዬ መልስልኝ እላለሁ?»

«አልሰጠኸውም! ወስዶብህ ነው!»

«አፌ ሰጥቷል ልጄ። ደግሞ የእንሴኖዋ መሬታችን ጉዳይ በእጁ ነው። ተይው።»

ከዚያ ወዲያ አባቴ ቅዳሜን ጠላ። ወንዶቹ ሲመጡ እሱ ጓዳ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። መስጊድም ሲሄድ በዋናው መንገድ መሄድ ትቶ በጓሮ ሆነ። ምግብ ሳቀርብለት ጥቂት ቀምሶ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ቀን በቀን ሲያንስብኝ አየሁት፤ በዚህ አያያዙ እንደማይከርም ገባኝ። ያኔ ማልኩ። ወይ ይህ ሰው በሰው ፊት ይዋረዳል፣ ወይ እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም አልኩ።

ምስለኔው ግን ምን ገዶት! ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ የአባቴን ሽጉጥ አውጥቶ «ይህችን የጣሊያን ልጅ እዩልኝ» እያለ ያዞራታል። እኔ የጎነጎንኩት ክር ዓይኔ ሥር ይወዛወዛል። አባቴ ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ ይሰማል። ጥርሴን ነክሼ ሻይ እቀዳለሁ። ሻዩ ውስጥ ምን እንደማደርግበት አልናገርም፤ ደንበኛ ሊሸሸኝ ይችላል።

መላው የመጣው ከአክስቴ ነው። የአባቴ እህት ናት፣ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፤ ምላሷ ከበርበሬዋ ይብሳል። አንድ የገበያ ቀን ምስለኔው በሷ በኩል ሲያልፍ ከከረጢቷ እፍኝ ዘግኖ «አቤት ሲያምር!» አለ። አክስቴም ብድግ ብላ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ይውሰዱት ጌታዬ! ወንድሜም እንዲሁ ብሎዎት ወስደው የለ!» አለችው። ዙሪያዋን ያሉት ሴቶች ሳቁ። ሰውየው በርበሬውን መልሶ አራግፎ ሄደ።

እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም! በሚቀጥለው ገበያ ሻይ ቤቴን ዘግቼ ወጣሁ። ቅቤ ተራ፣ ሸክላ ተራ፣ ቆጮ ተራ፣ እያንዳንዷ ሴት ፊት ተቀምጬ ለመንኩ። «ምንም አትበሉት፤ አትሳደቡ። አንድ ነገር ካየ ብቻ፣ በአክብሮት፣ ይውሰዱት ጌታዬ በሉት» አልኳቸው። አንዷም እምቢ አላለችኝ። ለካ ሁሉም የራሷ ቂም ነበራት፤ ከአንዷ በግ፣ ከሌላዋ ማር ሄዶባታል።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ቅቤ ዞር ብሎ ሲያይ «ይውሰዱት ጌታዬ!» በበቅሎ አጠገብ ሲያልፍ «ይውሰዷት ጌታዬ!» ሠርግ ተጠርቶ ሄዶ ሙሽራዋን ቀና ብሎ ቢያይ ሴቶቹ በአንድ አፍ «ሙሽራዋንም ይውሰዷት!» ብለው ድንኳኑን በሳቅ አናጉት። አክስቴን ቢሮው አስጠራት። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ገብታ «ጌታዬ፣ ይውሰዱ ማለት ወንጀል ሆነ እንዴ? ወንድሜ ሲልዎት አልተቆጡም እኮ» አለችው። ምን ብሎ ይክሰሳት? ለቀቃት። ሾፌሩም ወሬውን እንደ ጭነት በየመንገዱ ያራግፈዋል፤ እንሴኖ ደረሰ፣ ቡኢ ደረሰ፣ የአውራጃው ገዥ ጆሮ ደረሰ። ገዥው ምስለኔውን የግብር ማዕድ ላይ ሲያየው የራሱን ሽጉጥ በጋቢው ሸፈነ አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀበት አሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ከዚያ በኋላ ነው በሾፌሩ በኩል የላከብኝ። «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አባትሽ ይኑሩ፤ ሽጉጣቸውን እመልሳለሁ» ብሎ።

ለአባቴ ነገርኩት። ከዚያ ሸሚዝ እንዳጥብለት ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ባዶውን ማህደር ዘይት ቀባሁት፤ ቅዳሜ ሽጉጧ ስትገባበት በዓይኔ ሳያት ይታየኛል። ሌላ የምፈልገው አልነበረም። ያን ሁሉ ገበያ ለገበያ የዞርኩት ለዚያች ደቂቃ ነው።

ቅዳሜ አባቴ ከጓዳ ሲወጣ ወንዶቹ ሁሉ ተነሱለት። የድሮ ቦታው ተቀመጠ። ምስለኔው ገባ፤ ኮቱን ቆልፎ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ። ከዚያ በፊት አውልቆ አያውቅም። ሽጉጧን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለና «አባቴ፣ ያን ዕለት በጨዋታ ነው የወሰድኳት፤ ይኸው ንብረትዎ» አለ። አንተ ይለው የነበረውን ሰው እርስዎ አለው!

አባቴ እጁን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም።

«ጌታዬ፣ ሰጥቼዎታለሁ» አለ።

«አይ፣ ይቀበሉኝ እንጂ!»

«የሰጡትን መልሶ መቀበል እኛ ዘንድ ነውር ነው። እርስዎም ወደዋት ነው የወሰዷት። ይያዟት። የሄዱበት ሁሉ ይያዟት።»

«አባ!» ብዬ ጮህኩ። ራሴን መያዝ አልቻልኩም። ይህን ሁሉ ለፍቼ! አባቴ ዞር ብሎ አየኝ፤ በሕይወቱ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፣ አፌን ያዝኩ። ከዚያ ምስለኔውን ሳየው ግንባሩ በላብ ርሷል። ሽጉጧ በሁለት እጁ ላይ እንዳለች ናት። ገባኝ። እኔ ሰውየውን ከዕዳው ላወጣው ነበር የምሮጠው፤ አባቴ ግን መውጫውን እየዘጋበት ነው።

«አንቺ፣ እባክሽ ንገሪያቸው» አለኝ ምስለኔው። ለመነኝ! እኔን!

«ሻይ ላምጣልዎት?» አልኩት።

ሽጉጧን ሰሌኑ መሃል አስቀመጣት። ምናልባት አንዱ ያነሳታል ብሎ ይሆናል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የወጣች ሽጉጥ ሰው ሳይዛት ቀርታ አታውቅም። ነጋዴው ጫቱን ቀነጠሰ። ሾፌሩ ጣራውን አየ። ማንም እጁን አልዘረጋም፣ ማንም «ታምራለች» አላለም። ሻዩን አመጣሁለት፤ ግማሹን ሰሌኑ ላይ አፈሰሰው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህበት ነበር። ብቻውን ተነሳ፣ ሽጉጧን ከመሬት አነሳ፣ ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ።

እስከ በሩ ተከተልኩት። ቆሜ መንገዱን እስኪጨርስ አየሁት፤ ኪሱን በእጁ ሸፍኖ ይሄዳል፣ ሰው ባየ ቁጥር ያችን እጁን ጠበቅ ያደርጋል። ክረምቱ ሳይገባ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። እንኳን ሄደ፣ ግን በቅጡ ሳልጠግብ ነው የሄደብኝ።

ያን ዕለት ወደ ውስጥ ስመለስ ሁሉም በየቦታቸው እንደተቀመጡ ነበሩ። አባቴ ወደ ሾፌሩ እጁን ዘረጋ። «እስቲ ያችን የኪስ ሽጉጥህን አምጣት፤ ጥይቷን አውጣ መጀመሪያ፣ ልጄ ትቆጣለች» አለው። ሾፌሩ ተጣድፎ በእጀታዋ ሰጠው። አባቴ መዘናት፣ ወደ ግድግዳው አነጣጠረ፣ ምላጯን በጣቱ ሞከረ። 

«ምላጯ ይጠብቃል» አለ። «ስንት ቅዳሜ ነግሬህ አሁንም ዘይት አልቀባሃትም።»

ሾፌሩ «ቀብቻለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ፣ ነጋዴው «ዋሸ!» አለ፣ ሁሉም በአንድ አፍ መጨቃጨቅ ጀመሩ። የአባቴ ድምፅ ከመሃላቸው ይሰማ ነበር።