የወለተ ኢየሱስ ምድጃ

ሀብትነሽ ማንኩሳ አጠገብ ካለው መንደሯ ወደ ቡሬ ስትወጣ ነጠላዋን አጥባ፣ የተተረተረ ጫፉን በአዲስ ክር ሰፍታ ነበር። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባሏ ጫካ ገብቶ ከሞተ ወዲህ ዘመዷ ባዬ፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት አትወለድም ብሎ የርስት ማሳዋን ነጥቋት፣ ክሱ ቡሬ ባለው በጣሊያኑ ሹም ፊት ቀርቧል።

ዱሮ ቢሆን ሐረግ ቆጣሪ ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው በግማሽ ቀን ይጨርሱት ነበር። አሁን የሞተው ሞቶ፣ የቀረው ሸሽቶ፣ ሹሙ ጽሑፍ አምጡ አለ። ሀብትነሽ ደስ አላት። አያቷ ወለተ ኢየሱስና የባዬ አያት ዘሩ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። በእነሱ ዘመን አገሩ ለግብር በየጭሱ፣ እሳት የሚነድበት ቤት ሁሉ አንድ ተብሎ ተቆጥሮ፣ ቆጠራው ብራና ላይ ሰፍሮ በደብሩ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ፊደል ባትለይም፣ ጽሑፍ አይዋሽም ብላ ታምናለች። የደብሩን ቄስ መምሬ ገብረሰንበትን ደጅ ጠንታ፣ ሦስቱን የዕቃ ቤት ቁልፍ ያዦች ለምና ብራናውን ያስወጣችው እሷው ናት።

መምሬ ሹሙ ፊት ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። ከዘሩ ስም ሲደርሱ ድምፃቸው ዝግ አለ።

«የዘሩ ቤት፣ አንድ ጭስ። ከእርሱ ጋር አንዲት ገረድ፣ ወለተ ኢየሱስ።»

ሀብትነሽ ወዲያው ገባት። አባቷ እየሳቀ ሲያወራው የኖረ ነገር ነው። ቆጣሪው የመጣ ዕለት ወለተ ኢየሱስ ምድጃዋ ላይ ውኃ አፍስሳ፣ አመዱን ጓሮ በትና፣ ወንድሟ ቤት ገብታ ተቀመጠች። እኅቴ ናት ቢል ቤቷ የት ነው ይባላልና፣ ዘሩ ገረዴ ናት አለ። የአንድ ቤት ግብር ቀረላቸው። ሀብትነሽ ይህን ሁሉ በአስተርጓሚ አስነገረች፤ ከዚያ ወደ ባዬ ዞረች።

«በልጄ ሠርግ ይህንኑ አውርተህ ሰው ስታስቅ አልነበር?»

ባዬ መሬት መሬት አየ። «ያ ጨዋታ ነው፣ እትዬ። ይህ ጽሑፍ ነው።»

«የገረድ ልጅ ከሆንኩ እትዬ ማለትህን ተው።»

ይህን አስተርጓሚው አልተረጎመውም። ለባዬ ተፈረደ፤ እሷም በገዛ ጎጆዋ የባዬ ጭሰኛ ሆና ተቀመጠች።

በኅዳር ጣሊያን የራሱን ቆጣሪዎች ላከ። መንደሩ አንድ ጭስ ብቻ እንዲቆጠርበት፣ እንደ አባቶቹ እሳቱን አጥፍቶ አንዱ ጎረቤት ዳኘው ቤት ተሰበሰበ። ጎረቤቷ እታለም ሮጣ መጥታ አንቺም አጥፊ አለቻት።

«አያቴ አንዴ አጥፍታዋለች» አለች ሀብትነሽ። «ይበቃናል።»

እሳቷ ላይ እርጥብ የብሳና ቅጠል ጨመረችበት። ጭሱ ከቁልቋሉ አጥር በላይ ቆመ። ቆጣሪዎቹ ያንን አይተው መጡ፤ ጠርጥረውም የሌላውን ቤት አመድ በእጃቸው ዳሰሱ። ትኩስ ነበር። አንድም ቤት ሳይቀር ቆጥረው ግብር ጣሉበት።

ሀብትነሽ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ የወለተ ኢየሱስ የልጅ ልጅ ተብዬ ልጻፍ አለች። የቆጣሪዎቹ ጸሐፊ፣ የመሬቱ ባለቤት ተብሎ አጠገቡ ወደቆመው ባዬ ተመለከተ።

«ጭሰኛዬ ናት» አለ ባዬ።

ጸሐፊው፣ የባዬ ጭሰኛ፣ አንዲት ሴት ብሎ ጻፈ። ስሟን አልጠየቃትም።

በክረምቱ የጎጆዋ ክዳን አፍስሶ እሳቷ ጠፋ። ገል ይዛ፣ ፍም ልትጭር እታለም ደጅ ሄደች። እታለም በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «እኛ ቤት እሳት የለም» አለቻት። ጭሱ ከእታለም ቤት ሣር ክዳን እየወጣ ነበር።