የሚጮኸው ካሴት

የሒሳብ መምህራችን ውጭ አገር ተምሮ ነቀምቴ ሲመደብ ይዞት የመጣው ሀብት መጽሐፍ የምታክል ኮምፒውተር ብቻ ነበረች። ርካሽ ናት፤ ቁልፎቿ እንደ ላጲስ ይለሰልሳሉ። የራሷ ስክሪን ስለሌላት ከቴሌቪዥን ጋር ትገጠማለች፤ የጻፍንላትን ትእዛዝ ደግሞ ወደ ድምፅ ለውጣ በተራ የዘፈን ካሴት ላይ ታስቀምጣለች። ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣ ውስጥ ይቆልፍባት ነበር። እሱ ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ለእኛ ለተማሪዎቹ አወጣት።

ቴሌቪዥን ያለው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ደጅ ጠንቶ ቅዳሜ ከሰዓት አስፈቀደልን። ቅዳሜ እስኪደርስ ካርቶን ላይ ቁልፎቹን ሥለን ጣታችንን እናለማምዳለን። አባቴ ባዶ ካርቶን ስደበድብ አይቶኝ «ኧረ ይህችን ልጅ ምን ነካት!» ብሎ እናቴን ጠራት።

አንድ ቅዳሜ ካሴቱ አዳራሹ ውስጥ ቀረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ዘፈን መስሎት ቴፕ ውስጥ ይከተዋል። ምን ዘፈን አለ፤ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት! «ኩን ማሊ? ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ብድግ አለ አሉ። በዚያን ጊዜ ሰው ያልገባው ድምፅ ሁሉ የጠላት ሬዲዮ ነበር። ሰኞ መምህራችንን አዳራሹ ድረስ አስጠራው፤ እኛም ኮምፒውተሯን ይዘን ተከተልን።

«ይህን የምስጢር መልእክት ለማን ነው የምትልከው?» አለው። በሩ ላይ ጠብመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል። እንዲህ ተጠርተው በዚያው የቀሩ ሰዎች እናውቃለን።

«መልእክት አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ልጆቹ የሠሩት የማባዛት ጥያቄ ነው፤ ያሳዩዎት» አለ መምህራችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ጫኚው» አለኝ።

እኔ! የካሴቱ ድምፅ ትንሽ ከፍ ወይ ዝቅ ካለ ኮምፒውተሯ አሻፈረኝ ትላለች። ኮምፒውተሯን ከቴሌቪዥኑና ከቴፑ ጋር አገናኝቼ ቴፑን ከፈትኩት። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ጠባቂው ጠብመንጃውን ከትከሻው አወረደ። እመብርሃን! ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሼ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጌ እንደገና ሞከርኩ። ጮኸ፣ ጮኸና፣ ስምንት ሲባዛ በሰባት ስንት ነው የሚለው ጥያቄያችን ብቅ አለ።

ሊቀመንበሩ ጠጋ አለ። በአንድ ጣቱ ቁጥሮቹን ፈልጎ ሃምሳ ስድስት ጻፈ። ስክሪኑ በኮከብ ተሞላ። «ወይ ጉድ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። «በይ ሌላ አምጪ!» እያለ ብዙ አቆየን፤ በኋላም ካሴቱን መልሶ «በርቱ» ብሎ ሸኘን።

ስንወጣ አላስቻለኝም። «ቲቸር፣ ባበላሸው ኖሮስ? ለምን ራስዎ አልጫኑትም?» አልኩት።

ሁለቱንም እጆቹን ከኪሱ አወጣ። አሁንም ይንቀጠቀጡ ነበር።

«በእነዚህ?» አለኝ።